የከድጃ ተራ

መምህር ተካልኝ ዐረፉ ብላ ልጃቸው ስትደውልልኝ መጀመሪያ ከአፌ የወጣው «ከድጃ ሰምታለች?» የሚል ነው። ልጅቷ ግራ ገባት። «እትዬ አልማዝ፣ ከድጃ ደግሞ ማን ናት?» አለችኝ። እሷ ምን ታድርግ! አባቷ ስለዚያ ነገር ቤት ውስጥ ትንፍሽ ብለው አያውቁም። እኔ ግን ነጠላዬን ዘቅዝቄ ለቡ ወዳለው ለቅሶ ቤት ከመሄዴ በፊት በቀጥታ ወደ ከድጃ ቤት ነው የሄድኩት። መምህር ያስያዙኝ አንድ አደራ ነበረ፤ አደራው ደግሞ የሷ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምርላችሁ። መምህርን ያወቅኳቸው በደርግ ጊዜ፣ ትርፍ ቤት በአዋጅ የመንግሥት ከሆነ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ዛሬ ሀይሌ ጋርመንት እያላችሁ ታክሲ የምትጋፉበት ሁሉ ያኔ እህል የሚታጨድበት ሜዳ ነበር። የኛ ቀበሌ ሰው ግማሹ የፋብሪካ ወዛደር፣ ግማሹ ከጉራጌና ከስልጤ አገር የመጣ ነጋዴ፣ ዳር ዳሩን ደግሞ ከጥንት ከጠዋቱ እዚያው የነበረ ገበሬ ነው። ቀበሌው የፍርድ ሸንጎ ነበረው፤ ሕዝብ የመረጣቸው ሦስት ዳኞች የሚቀመጡበት። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስለጨረስኩና ጽሕፈቴ ስለሚነበብ ጸሐፊ ሆንኩ። መምህር ሰብሳቢ ዳኛ ሆኑ። ሕግ ስለሚያውቁ የተመረጡ እንዳይመስላችሁ። ሴቶቹ «ያ ቀስ ብሎ የሚናገረው ይሁንልን» ብለው ነው እጃቸውን ያወጡላቸው።

እውነትም ቀስ ብለው ነው የሚናገሩት። እኔ ዐሥር ነገር ተናግሬ ስጨርስ እሳቸው የመጀመሪያውን ገና እያሰቡበት ነው። ዩኒቨርሲቲ ሕግ ያስተምሩ ነበር፤ ዕድሜያቸውን የፈጁት ግን በአንድ ጥያቄ ነው። ዳኛ ሕግን እንዴት ነው ማንበብ ያለበት? በዚሁ ላይ ወፍራም መጽሐፍ ይጽፉ ነበር። እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም፤ «መምህር፣ ማንበብማ ፊደል የቆጠረ ሁሉ ያነባል፣ ለዚህ ደግሞ መጽሐፍ ምን ያደርጋል?» አልኳቸው አንድ ቀን።

ሳቁ። «አልማዝ፣ ሕግ አውጪው ቤቱ ተቀምጦ ነው የሚጽፈው። ሕጉ ነገ ማን ላይ እንደሚያርፍ አያውቅም። ጽሑፉንና ሰውየውን የሚያስተዋውቃቸው ዳኛው ነው» አሉኝ።

እንዳስረዱኝ ከሆነ የሕግ ሊቃውንት በዚህ ነገር ሲጨቃጨቁ ነው የኖሩት። አንዱ ወገን ዳኛ የተጻፈውን ቃል ብቻ ይያዝ ይላል። ሌላው ደግሞ የለም፣ ሕጉ ለምን እንደወጣ ዓላማውን ይይ ይላል። መምህር በሁለቱም አይረኩም ነበር። «ቃሉን ብቻ የያዘ ይጨክናል፣ ዓላማ ዓላማ የሚል ደግሞ የራሱን ፍላጎት የሕጉ ነው ብሎ ይዋሻል» ይላሉ። ስለዚህ ሕጉን ከመግቢያው ጀምረው፣ ቆመው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው ያነቡታል። «ለሕጉ ነው እንዴ ባርኔጣ የሚያወልቁት?» ብላቸው፣ «ለሚያርፍበት ሰው ነው» አሉኝ።

ሌላም ልማድ ነበራቸው፤ ከማስተማሪያ ክፍላቸው ይዘውት የመጡት። ከሳሽና ተከሳሽ ክርክራቸውን ሲጨርሱ መምህር ወዲያው ፍርድ አይሰጡም። «አሁን ወንበር ተለዋወጡ» ይላሉ። ከሳሹ በተከሳሹ ወንበር ይቀመጥና «እኔ እገሌ ነኝ» ብሎ የባላጋራውን ክርክር ይከራከርለታል። ከዚያ ደግሞ ተራው የሌላኛው ነው። ሁለቱም ሳይናገሩ ፍርድ የለም። «ሰው ሕጉን በባላጋራው ዓይን አንድ ጊዜ ካላነበበው፣ አነበብኩት አይበል» ነው ቃላቸው።

መጀመሪያ ሰዉ እንደ ቴያትር ነበር የሚያየው። ያንን ያቆመው የገበሬው የኦቦ ገመቹ ነገር ነው። ላማቸው የአንዲት ባል የሞተባት ሴት ጎመን ግጣ ተከሰሱ። ሽማግሌው ሽንጣቸውን ገትረው «ላም አዋጅ አታነብም!» እያሉ ሲከራከሩ ቆዩና፣ ወንበር ሲለወጥ «እኔ አስቴር ነኝ» ብለው ጀመሩ። «ጎመኑን የተከልኩት ጓሮዬ እንዲያምር አይደለም። ልጆቼ ከሱ ሌላ…» ብለው ቆሙ። ራሳቸውን አከክ አከክ አደረጉ። «ኤጭ! እኔ እኮ ይኼን ሳላስብ ነው ስጮህ የዋልኩት» አሉ። ጎመኑ እስኪያድግ ድረስ ወተቱ ወደ አስቴር ቤት ሄደ። ከዚያ ወዲያ በወንበር መገላበጡ የሚስቅ ጠፋ።

እንግዲህ ከድጃ። ከድጃ ቅቤ ነጋዴ ናት። ባሏ ሙስጠፋ የፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። ሁለቱ ራሳቸው ጭቃ አቡክተው ሁለት ክፍል ቤት ሠርተው ከልጆቻቸው ጋር ይኖሩባታል። የዚያን ጊዜ ነገር መቼም ታውቃላችሁ፤ አንድ ቀን ገና ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ፣ ሙስጠፋ «ለጥያቄ ትፈለጋለህ» ተባለ፣ ሄደ። በዚያው ቀረ። ከዚያ በኋላ ከድጃ ቀን ቀን እቤቷ ትውላለች፣ ጀንበር ስታዘቀዝቅ ግን ልጆቿን ይዛ እዚያው ሰፈር ወዳለው የእናቷ ቤት ትሄዳለች። ለምን እንደምትሄድ የማያውቅ አልነበረም። የሚናገር ግን የለም። ዝም አይነቅዝም ብለን ሁላችንም ዝም።

የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ታደሰ ይኼን አየ። አዋጁ አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ይከለክላል። ከድጃ ከእናቷ ጋር እያደረች ስለሆነ እናትና ልጅ አንድ ቤተሰብ ናቸው፣ ሁለተኛው ቤት ትርፍ ነው፣ ለቀበሌው ይሰጥ ብሎ ከሰሰ። ቤቱ ከተወሰደ ከድጃና ልጆቿ የቀራቸው የአሮጊቷ አንድ ክፍል ብቻ ነው። ደግሞም ሙስጠፋ ቢመለስ የሚመለሰው ወደዚያ ቤት ነው። እሷን ያንገበገባት ይኼ ነበር፤ «መጥቶ ሌላ ሰው ቢከፍትለትስ?» ትለኝ ነበር።

ታደሰ ድሮ ክፉ ሰው አልነበረም። ሊቀመንበር ከመሆኑ በፊት ከሙስጠፋ ጋር አንድ ፋብሪካ የሠራ፣ ሰርግ ላይ ሲዘፍን የማይጠገብ ሰው ነው። ሽጉጥ ከታጠቀ በኋላ ግን የሚያስደነግጠንም የሚደነግጠውም እሱ ሆነ። ከቀበሌው በላይ ያለው ጽሕፈት ቤት፣ ከፍተኛ የምንለው፣ ስልክ ሲደውልለት ብድግ ብሎ ነው የሚያነሳው።

የችሎቱ ዕለት ሳንጀምር ወደ መምህር ቀረበና በሹክሹክታ፣ «ጓድ መምህር፣ ዛሬ ከከፍተኛ ካድሬ መጥቷል። ያ ወንበር መገላበጥ ምናምን ለዛሬ ይቅር» አላቸው።

«ጓድ ታደሰ፣ ለኦቦ ገመቹ ያደረግኩትን ለእርስዎ ካስቀረሁ ዳኛ አይደለሁማ» አሉት።

«ለእርስዎም ብዬ እኮ ነው።»

«አውቃለሁ» አሉና ባርኔጣቸውን አወለቁ።

አዳራሹ ጢም ብሏል። ካድሬው ካኪ ኮቱን እንደለበሰ የኋላ አግዳሚ ላይ የክብሪት እንጨት እያኘከ ተቀምጧል። በሩ ላይ አብዮት ጠባቂ ጠመንጃውን ይዞ ቆሟል። ግራ እጃችንን አንስተን መፈክሩን አልን፣ ተቀመጥን። መምህር አዋጁን ከመግቢያው ጀምረው አነበቡ። ታደሰ ተነሳ። መቼም ሐቁን መናገር አለብኝ፣ ክርክሩ ጥሩ ነበር። «መምህር ራስዎ የሕግን ዓላማ እዩ ይሉን የለም እንዴ? የዚህ አዋጅ ዓላማ ቤት የሌለው ሰፊ ሕዝብ ቤት እንዲያገኝ ነው። ወንዝ ዳር ላስቲክ ወጥረው የሚያድሩ ሰዎች አሉን። የሷ ቤት ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ባዶውን ያድራል!» አለ። ካድሬው ራሱን ነቀነቀ። የመምህርን ጥናት መልሶ በራሳቸው ላይ አዞረባቸው።

ከድጃ ተነሳች። «ቤቱ የኔ ነው። ከባሌ ጋር ነው የሠራሁት» አለች።

«ታዲያ ለምን አታድሪበትም?» አለ ታደሰ።

ምን ትበል? እውነቱን ብትናገር ባሏ ወደሄደበት መሄድ ነው። ባትናገር ቤቷ ሄደ። እናቷ እማማ ሩቂያ ከጎኔ ሆነው «የማን ቤት ፈርሶ የማን ሊበጅ» ሲሉ ሰማኋቸው። ተደጋግማ ተጠየቀች፤ መሬት መሬት እያየች ቀረች።

መምህር መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። «ወንበር ተለዋወጡ» አሉ።

ታደሰ ወደ ካድሬው ዞር ብሎ አየ። ካድሬው ነገሩ ገርሞት ፈገግ አለ፤ አልከለከለውም። ታደሰ ሄዶ በከድጃ ወንበር ተቀመጠ። «እኔ… ከድጃ ነኝ» ሲል ከኋላ አንዳንዱ ሳቀ። እሱም ሳቅ እያለ በሩጫ ተናገረ፤ «ቤቱ የኔ ነው፣ ከባሌ ጋር ነው የሠራሁት፣ ጨርሻለሁ።»

«አልጨረሱም» አሉ መምህር። «ወይዘሮ ከድጃ፣ ማታ ማታ ለምን እናትዎ ዘንድ ይሄዳሉ?»

ሰዉ ሳቁን አቆመ። «እናቴ… አሮጊት ስለሆነች» አለ ታደሰ።

«ቀንስ አሮጊት አይደሉም? ማታ ማታ ነው የጠየቅኩት።»

ታደሰ አንገቱን ደፋ። የዚያን ጊዜ ምን እንደነካው እኔ እንጃ። ወንበሩ ይሁን፣ የመምህር ቀስ ያለ ድምፅ ይሁን፣ ወይ ሲያፍነው የኖረ ነገር ይሁን አላውቅም። ድምፁ ተለወጠ። «እፈራለሁ» አለ። «በሩ በተንኳኳ ቁጥር እፈራለሁ። ያን ዕለት ያንኳኳው ድምፁን የማውቀው ሰው ነው። ‹ከድጃ፣ ክፈቺ፣ እኔ ነኝ› አለኝ። እሱን አምኜ ከፈትኩ። ባላውቀው ኖሮ ሙስጠፋ በጓሮ በኩል…»

እዚህ ላይ ቆመ። ያንኳኳው ማን እንደሆነ አዳራሹ ውስጥ የማያውቅ የለም። ያንኳኳው ራሱ ታደሰ ነው። ከድጃ በሱ ወንበር ተቀምጣ ዓይኗን ተክላበታለች።

ካድሬው የክብሪት እንጨቱን ተፋ። «ተነስ!» አለ። «ሊቀመንበር ተብለህ የአብዮቱን እርምጃ በሕዝብ ፊት ታወግዛለህ? ተነስ፣ ትሄዳለህ!» አብዮት ጠባቂው ጠመንጃውን አስተካከለ። ታደሰ የወንበሩን መደገፊያ ይዞ ቀረ። የዚያ ሰው ፊት አመድ መስሎ እስከ ዛሬ ይታየኛል።

መምህር ቆሙ። «ጓድ፣ ይህን የተናገሩት ሊቀመንበሩ አይደሉም» አሉ፤ አሁንም ቀስ ብለው። «በዚህ ሸንጎ በሌላው ወንበር የተነገረ ቃል የተናጋሪው አይደለም። ወንበሩን ያስለወጥኩ እኔ ነኝ። የጠየቅኩ እኔ ነኝ። እንዲቀር ለምነውኝም እምቢ ያልኩ እኔ ነኝ። የቃሉን ባለቤት ከፈለጉ ባለቤቱ እኔ ነኝ።»

ካድሬው ከአግዳሚው ተነሳ። «እንግዲያው አንተ ና» አላቸው፣ በአንተ።

«እመጣለሁ። ፍርዱን ልጨርስ» አሉና ፈቃድ እንኳ ሳይጠብቁ ወደ ሰዉ ዞሩ። «የሕጉን ዓላማ እንይ ተብሏል፤ ልክ ነው። ዓላማው ግን የተገኘውን ሁሉ በጆንያ መክተት አይደለም። ሕጉ የወጣው ቤት በተረፈው ሰው ላይ ነው። ይቺ ሴት ቤት አልተረፋትም፤ ቤቷ ውስጥ ማደር ነው ያቃታት። ፈርታ እናቷ ጉያ የገባች ልጅ ከእናቷ ጋር አንድ ቤተሰብ ሆነች አይባልም። ቤቱ የከድጃ ነው።» ሁለቱን ዳኞች አዩዋቸው። ሁለቱም «ተስማምተናል» አሉ። ልንስማቸው አልቻልንም፣ ከንፈራቸውን ነው ያየነው።

ከዚያ ባርኔጣቸውን አድርገው ወደኔ ዞሩ። «አልማዝ፣ የወይዘሮ ከድጃ ተራ ቀርቷል። በጓድ ታደሰ ወንበር ተቀምጣ ስለ እሳቸው አልተናገረችም። እኔ ደንቤን አፍርሼ ነው ቀድሜ የፈረድኩት። ተራዋን ያዢላት» አሉኝ። እኔ እያለቀስኩ ራሴን ነቀነቅኩ። እሳቸው ከፊት፣ ካድሬው ከኋላ ሆነው ወጡ።

ዓመታት ታሰሩ። ባለቤታቸው ፍተሻ ፈርተው ያንን ወፍራም መጽሐፍ ምድጃ ውስጥ ከተቱት። ከድጃ ግን በዚያው ዕለት ማታ ልጆቿን ይዛ እቤቷ ገባች። «ሰው ታስሮልኝ ቤቴን ባዶ አላሳድርም!» አለች። ዛሬም ድረስ እዚያው ናት። ሙስጠፋ አልተመለሰም። ቤቱንም የነካባት የለም፤ ታደሰ ጉዳዩን ዳግም አላነሳውም። ብዙም ሳይቆይ አመመኝ ብሎ ሊቀመንበርነቱን ተወ። አንድ ነገር ግን ሰፈሩ ሁሉ አየበት። ታደሰ ከዚያ ወዲያ የማንንም በር አያንኳኳም። ዝናብም ቢሆን ደጅ ቆሞ «እከሌ! ታደሰ ነኝ፣ ከቻልክ ብቅ በል» ብሎ ይጣራል። ልጆች «ታደሰ ብቅ በል» ብለው ስም አወጡለት።

መምህር ሲፈቱ ከስተው፣ ጥርሳቸው ረግፎ ነበር የወጡት። ወደ ማስተማሩም አልተመለሱም። «መጽሐፉን እንደገና ይጻፉታ!» ብዬ ብጨቀጭቃቸው «ተይው አልማዝ፣ እሱ ስለ ማንበብ ነበር፤ አሁን መስማት ነው ያማረኝ» አሉኝ። ታደሰን በመንገድ ሲያገኙት ሰላም ይሉታል፤ እሱ ግን ዓይናቸውን ማየት አይችልም። አንድ ጊዜ «ከድጃን ልጥራትና ተራዋን ትጨርስ?» ብላቸው ተቆጡኝ። ሲቆጡ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። «ተራ መብት ነው እንጂ ግዴታ አይደለም። ባሏን ያጣች እሷ ናት። ስትፈልግ ትናገር፣ ካልፈለገች ይቅር!» አሉ። ከድጃን በሌላ ጊዜ ጠይቄያት ነበር። «በዚያ ሰው ወንበር? በየት አፌ!» ብላ ቅቤዋን መመዘን ቀጠለች።

እንግዲህ ሲሞቱ ሄጄ የነገርኳት ለዚህ ነው። «ለሠልስቱ እመጣለሁ» አለች።

በሠልስቱ ለቡ ድንኳኑ ውስጥ አጠገቤ ተቀመጠች። የመምህር ፎቶ ጠረጴዛ ላይ ነበር፤ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው የተነሱት። ታደሰ አርጅቶ፣ ከዘራውን ይዞ፣ በመግቢያው በኩል ብቻውን ተቀምጧል። ከድጃ አየችው። ኧረ በለቅሶ ቤት ነገር እንዳትጀምር ብዬ ሻርፗን ጎተት አደረግኳት። አልሰማችኝም። ተነስታ ሄዳ ፊቱ ቆመች።

«ተነስልኝ» አለችው።

ታደሰ ቀና ብሎ አያትና በከዘራው ተደግፎ ተነሳ። በወንበሩ ተቀመጠች። ድንኳኑ ውስጥ ካርታ የያዘውም ሻይ የሚያዞረውም ባለበት ቀረ።

«እኔ ታደሰ ነኝ» አለች ከድጃ። «‹ከድጃ፣ ክፈቺ› ስል ከኋላዬ ጠመንጃ ነበረ። እምቢ ብል የሚንኳኳው የኔ በር ነው። የኔም ልጆች ተኝተው ነበር። ሙስጠፋ ጓደኛዬ ነው፣ ሰርጉ ላይ ዘፍኛለሁ። ግን አንኳኳሁ። ከዚያ መምህር ‹የቃሉ ባለቤት እኔ ነኝ› ሲሉ፣ ‹የለም፣ ቃሉ የኔ ነው› ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። እሳቸው ሲወጡ ዓይኔን ጨፈንኩ። ከዚያን ቀን ወዲህ እጄ የሰው በር ነክቶ አያውቅም።» «ጨርሻለሁ» ብላ ተነሳች።

ታደሰ እንባው በጉንጩ ላይ ይወርዳል። አልጠረገውም። «ልክ ነው» አለ። «አንዱም አልቀረሽም። ታዲያ… ፍርዱስ?»

ሁለቱም ተናግረው ጨርሰዋል። በመምህር ደንብ አሁን ፍርድ ነው የሚከተለው። የዚያን ጊዜ ሰዎች ሁላችንም፣ ወደን አይደለም፣ በልማድ ወደ ፎቶው ዞርን።

ከድጃም አየችው። ከዚያ ወደ ታደሰ ተመለሰች።

«ዳኛው ዐርፈዋል» አለችው። «ተቀመጥ፣ ወንበሩ ያንተ ነው።»